ድምፁ የእሱ፣ ዘፈኑ የእሷ

በ2023 ሰኔና ሐምሌ ላይ አሜሪካ ውስጥ የመኪናውን ሬዲዮ የከፈተ ሰው አንድ ዘፈን ሳይሰማ አይውልም ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ድምፃዊው ሉክ ኮምብስ ነው፤ የሰሜን ካሮላይና ልጅ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ኮፍያ ከራሱ የማይለየው የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ወለድ ሙዚቃ) ዘፋኝ። ዘፈኑ «ፋስት ካር» ይባላል፤ ፈጣን መኪና ማለት ነው። የአገሪቱ ሬዲዮ ጣቢያዎች ይህን ዘፈን ባጫወቱ ቁጥር ግን ለኮምብስ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም ነበር። የሬዲዮው ክፍያ የሚሄደው ትሬሲ ቻፕማን ለምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነው፤ ከ2009 ወዲህ የኮንሰርት ጉዞ ላልወጣች፣ ከካሜራ ርቃ ለምትኖር ሴት።

ይህን ሳወራ ብዙ ሰው «ተገላብጦብህ እንዳይሆን» ይለኛል። አልተገላበጠም። ነገሩ የሚገባን አንድ ዘፈን በሕግ ፊት ሁለት ንብረት መሆኑን ስናውቅ ነው። የዚህ ነጠላ ዜማ አወጣጥና አቀባበል ደግሞ ይህን ከሚያስረዱ ታሪኮች ሁሉ የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ለአንዲት ደራሲ ምን እንደሚሰጥም፣ ሕጉ ሊሰጣት የማይችለው ምን እንደሆነም በአንድ ላይ ያሳያል።

ከዘፈኑ እንጀምር። ቻፕማን በ1964 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለደች። ማሳቹሴትስ ውስጥ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ጊታሯን ይዛ መንገድ ዳር ትዘፍን ነበር። የመጀመሪያ አልበሟ በሚያዝያ 1988 ሲወጣ «ፋስት ካር»ም አብሮ በነጠላ ወጣ። ታሪኩን የምትናገረው ደሃ ወጣት ናት። አባቷ ጠጪ ነው፣ እናቷ ጥላ ሄዳለች፣ እሷም አባቷን ለማስታመም ትምህርቷን አቋርጣለች። ከጓደኛዋ ጋር በመኪና ከከተማው ወጥተው ኑሮ ሊጀምሩ ይነሳሉ። ኑሮው ይጀመራል፤ ግን እሷ ትሠራለች፣ እሱ መጠጥ ቤት ያመሻል፤ አባቷን ሸሽታ ሄዳ መልሳ አባቷን አገኘችው ማለት ነው። እኔ ዘፈኑን የማውቀው ታላቅ ወንድሜ ቴፑ እስኪያላምጠው ድረስ ካጫወተው ካሴት ነው። እንግሊዝኛው በቅጡ ሳይገባኝ እንኳ ያቺ ሴት የትም እንዳልደረሰች ከጊታሩ ይታወቀኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ 11 ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ውስጥ፣ ገና እስር ላይ ለነበሩት ኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት ልደት ታላቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ። ቻፕማን ቀን ላይ ተራዋን ዘፍና ጨርሳለች። ማታ ስቲቪ ዎንደር ሊወጣ ሲል ሙዚቃው የተጫነበት የኪቦርዱ ዲስክ ጠፋ። ያለዚያ አልዘፍንም ብሎ ተመለሰ፣ ቀዳዳውን እንድትሞላ ቻፕማን ጊታሯን ብቻ ይዛ እንደገና ወጣች። በቴሌቪዥን የሚከታተለው ዓለም በሙሉ አያት። ዘፈኑ የአሜሪካን የሙዚቃ ደረጃ በሚያወጣው መጽሔት፣ በቢልቦርድ፣ ዋናው ሰንጠረዥ ላይ 6ኛ ደረሰ፣ አልበሙ 1ኛ ሆነ፣ በ1989ም ሦስት ግራሚ ወሰደች።

አሁን ወደ ሕጉ። የኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የካሴት ሽፋን ገልብጦ ማየት ይበቃዋል። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ድምፃዊ እገሌ ተብሎ ተለይቶ ተጽፏል። የአሜሪካ ሕግም ይህንኑ በሁለት ጎራ ይከፍለዋል። አንደኛው ግጥምና ዜማው ነው፤ ማንም ባይዘፍነውም፣ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር እንኳ ባለቤት አለው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ስቱዲዮ፣ በዚያ ሰው ጉሮሮ የተቀረጸው ድምፅ። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኸኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ስሙ ራሱ «የቅጂና ተዛማጅ መብቶች» የሚለው ለዚህ ነው፤ የደራሲው መብት ሌላ፣ ከእሱ ጋር የሚዛመደው የድምፃዊና የአሳታሚ መብት ሌላ ነው። «ፋስት ካር»ን ግጥሙንም ዜማውንም የሠራችው ቻፕማን ብቻዋን ናት። ስለዚህ በ2023 ሁለት ቅጂዎች ነበሩ፤ የ1988ቱ የእሷ ድምፅ ያለበት እና አዲሱ የኮምብስ። በሁለቱም ሥር ያለው ዘፈን ግን አንድ ነው፤ የእሷ።

ታዲያ ኮምብስ አስፈቀዳት? ለመዝፈኑ ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ይህ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር ነው፣ ምንጩም በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በተበሳ ጥቅል ወረቀት የሚጫወቱ ፒያኖዎች በየቤቱ ገብተው ነበር። አንድ የኖታ አሳታሚ ኩባንያ «ዜማችንን በወረቀት ቀዳዳ እየሸጡብን ነው» ብሎ ከሰሰ። በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ጥቅሉ በሰው ዓይን የሚነበብ ኖታ አይደለምና ቅጂ ሊባል አይችልም» ሲል ፈረደበት። ኮንግረስ በማግስቱ ዓመት ሕጉን ለደራሲዎቹ አሻሻለ፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ የፒያኖ ኩባንያ መብቱን ሁሉ ከየደራሲው ጠቅልሎ ገዝቶ ገበያውን እንዳይዘጋው ፈራ። መፍትሔው የግዴታ ፈቃድ ሆነ። ደራሲው ዘፈኑ አንዴ ተቀርጾ ለሕዝብ እንዲወጣ ከፈቀደ በኋላ ማንም ሰው እንደገና ሊቀርጸው ይችላል፤ ደራሲው ሊከለክል አይችልም፣ ግን በሕግ የተቆረጠው ዋጋ ይከፈለዋል። ዋጋው በ1909 ለአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ነበር። እስከ 1978 ድረስ፣ ዳቦውም ቤንዚኑም ስንት እጥፍ ሲጨምር፣ ያቺው 2 ሳንቲም ሆና ቆየች። ኮምብስ ዘፈኑን ባወጣበት በ2023 ለተሸጠ አንድ ሲዲ፣ ሸክላ ወይም የኢንተርኔት ግዢ 12 ሳንቲም ደርሳለች።

ፈቃዱ ገደብ አለው። ቅንብሩን ለራስህ አዘፋፈን ማመቻቸት ትችላለህ፤ የዜማውን መሠረት መለወጥ ወይም ስንኙን ወስደህ ለሌላ ዘፈን መሥሪያ ማድረግ ግን አትችልም። ቻፕማን በዚህ ላይ ጥብቅ ናት። ራፐሯ ኒኪ ሚናዥ ከሌላ የቻፕማን ዘፈን ግጥምና ዜማ ወስዳ አዲስ ሥራ ስትሠራ ቻፕማን ፈቃድ ከለከለቻት። ዘፈኑ ከሚናዥ አልበም ቢቀርም በ2018 በሬዲዮ ስለተጫወተ ቻፕማን ከሰሰች፤ ጉዳዩ በጥር 2021 በ450,000 ዶላር ክፍያ ተዘጋ። ኮምብስ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። የጊታሩን መግቢያ እንዳለ ያዘው፣ አካሄዱን አልነካም። ተራኪዋ በገበያ አዳራሽ ሒሳብ ተቀባይ ሴት ናት፤ ወንድ ሆኖ ሳለ ያቺን ስንኝ ወደ ወንድ ሳይለውጥ ዘፈናት። ለእኔ በዚህ ቅጂ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ልጅ ሳለ በአባቱ መኪና የሰማውን ዘፈን፣ ባለቤቱ ሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ፣ እንደ አደራ ዕቃ ነው የያዘው።

አወጣጡም የተለመደውን መንገድ አልተከተለም። ናሽቪል ውስጥ፣ የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው ከተማ፣ ነጠላ ዜማ ማለት አልበሙ ውስጥ ካሉት ተመርጦ ለሬዲዮ የሚላክ ዘፈን ነው። አሳታሚው አንዱን ይመርጣል፣ ሠራተኞቹ ከጣቢያ ጣቢያ እየደወሉና እየሄዱ የፕሮግራም ኃላፊዎችን ያግባባሉ። ከዚያ ዘፈኑ ቀስ እያለ፣ አንዳንዱ ከግማሽ ዓመት በላይ ፈጅቶ፣ ሰንጠረዡን ይወጣል። የሌላው ሙዚቃ አድማጭ ከሬዲዮ ወደ ስልኩ ከተሻገረ ቆየ፤ ካንትሪ ግን እስከ ዛሬ ሬዲዮን እንደ ቤቱ ምሰሶ ይቆጥራል። የኮምብስ አልበም መጋቢት 24 ቀን 2023 ሲወጣ 18 ዘፈኖች ነበሩት፤ በዚያ ሰሞን ለካንትሪ ሬዲዮ ተልኮ የነበረው ሌላ ዘፈን ነው። «ፋስት ካር»ን ያነሳው አድማጩ ነው። በስልክ እየተደጋገመ መደመጡ ሲበዛ ሬዲዮዎቹ ተከተሉ፣ አሳታሚውም ከኋላቸው ደረሰ።

ቀጥሎ የሆነው እነሆ። ሁሉም ዓይነት ሙዚቃ በሚወዳደርበት ዋና ሰንጠረዥ 2ኛ ደረሰ፤ ከ35 ዓመት በፊት የእናት ቅጂው ከደረሰበት 6ኛ በላይ ማለት ነው። በሐምሌ ደግሞ በካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። ቢልቦርድ ሁለት ዋና የካንትሪ ሰንጠረዦች አሉት። አንደኛው በስልክና በኮምፒውተር የተደመጠውን፣ የተሸጠውንና በሬዲዮ የተጫወተውን አንድ ላይ ይደምራል፤ ሕዝቡ በገዛ እጁ የመረጠው ይታይበታል። ሁለተኛው የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያዎች ያጫወቱትን ብቻ ይቆጥራል። ኮምብስ 1ኛ የወጣው በሁለተኛው ላይ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቻፕማን፣ ያ ሰንጠረዥ ከሚቆጥርበት ከ1990 ወዲህ፣ ብቻዋን የደረሰችው ዘፈን 1ኛ የወጣላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። «ብቻዋን» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር ደራሲ ከሌላ ሰው ጋር የጻፈችው ዘፈን በ1994 በካንትሪ 1ኛ ወጥቷል።

ገንዘቡስ እንዴት ይከፋፈላል? ሬዲዮውን መጀመሪያ ላይ አንስተናል። አሜሪካ ውስጥ በአየር ሞገድ የሚተላለፍ ሬዲዮ የሚከፍለው ለግጥምና ዜማው ባለቤት ብቻ ነው፤ አስካፕና ቢኤምአይን የመሳሰሉ ድርጅቶች ሰብስበው ያደርሱለታል። ለድምፃዊው፣ ለጊታር ተጫዋቹ፣ ለአሳታሚው ምንም። የጣቢያ ባለቤቶች ክርክር «እኛ አስተዋውቀንለት አይደል ወይ ትኬት የሚሸጠው?» የሚል ነው፣ ኮንግረስም በተደጋጋሚ የቀረቡለትን የማሻሻያ ሐሳቦች ሳያጸድቅ ቆይቷል። በሌላ በኩል ሰው ዘፈኑን በስልኩ ሲያደምጥ ሚዛኑ ይገለበጣል። በ2023 የዘፈኑ ደራሲዎች ድርሻ ከአገልግሎቱ ገቢ ከ15 በመቶ ትንሽ ከፍ የሚል ሲሆን፣ ለቅጂው ባለቤት የሚሄደው ከግማሽ በላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ድምፃዊው በውሉ መሠረት ያገኛል። ስለዚህ ኮምብስም አልተጎዳም፤ ከቅጂውም ከስታዲየም ኮንሰርቶቹም ያገኛል። ቻፕማን ደግሞ ግጥምና ዜማዋን ለሌላ ሳትሸጥ በእጇ ስላቆየች፣ የደራሲውም የግጥምና ዜማው አሳታሚም ድርሻ የሚገባው እሷው ዘንድ ነው። ቢልቦርድ በሐምሌ 2023 ላይ የኮምብስ ቅጂ ያስገኘውን የደራሲ ገቢ ወደ 500,000 ዶላር ገምቶታል፣ አብዛኛውም የእሷ። የዘፈን መብቱን በጥቂት ብር ሸጦ ዜማው ዘመን ሲሻገር ከዳር ቆሞ ያዳመጠ ደራሲ በየአገሩ ስንት አለ! ቻፕማን ይህን በር ዘግታ ጠብቃለች።

አቀባበሉ ግን ጭብጨባ ብቻ አልነበረም፣ ቅሬታውም እውነት ያለው ነው። በዚያ ሐምሌ ብዙ ጥቁር አርቲስቶችና ጸሐፊዎች አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ይህንኑ ዘፈን፣ በዚሁ ቅንብር፣ አንዲት ጥቁር ሴት ለካንትሪ ሬዲዮ ብትልከው ያጫውቱላት ነበር? ጥያቄው የምቀኝነት አይደለም፤ ታሪክ አለው። የካንትሪ መታወቂያ የሆነው ባንጆ ራሱ በባርነት ከተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን እጅ የመጣ መሣሪያ ነው። ቻርሊ ፕራይድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲጀምር አሳታሚው ዘፈኖቹን ለጣቢያዎች የላከው ያለ ፎቶግራፍ ነበር፤ ጥቁር መሆኑን ሳያውቁ እንዲወዱት። ወደዱት፣ በኋላም የዘመኑ ታላቅ ኮከብ ሆነ።

ለሴቶቹ ያ ዕድል አልሰፋም። ሊንዳ ማርቴል በ1969 ስመ ጥር በሆነው የናሽቪል መድረክ፣ በግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ድምፃዊት ናት። 22ኛ የደረሰላት ዘፈን ደግሞ አንድ የሶል ሙዚቃ ባንድ የሠራው ሥራ ነበር፣ እሷ ወደ ካንትሪ መልሳ ዘፈነችው፤ ኮምብስ ከ54 ዓመት በኋላ ያደረገውን እሷ አድርጋው ነበር ማለት ነው። ያሳተማት ኩባንያ ስሙ «ፕላንቴሽን» ነበር፤ ባሪያዎች የሚደክሙበት እርሻ። አንድ አልበም አውጥታ ብዙም ሳትቆይ ከሙያው ወጣች። ስለ ሴቶች በአጠቃላይ ደግሞ በ2015 አንድ የሬዲዮ አማካሪ በአደባባይ የሰጠው ምክር አለ፦ ካንትሪ ሬዲዮ እንደ ሰላጣ ነው፣ ወንዶቹ ቅጠሉ ናቸው፣ ሴቶቹ ከላይ ጣል ጣል የሚደረጉ ቲማቲሞች። በዚህ ወንፊት ያለፈ ዘፈን ዝርዝር ውስጥ የቻፕማን ስም በደራሲነት ሲገባ፣ ደስታውም ምሬቱም አብረው መምጣታቸው አያስገርምም። ዘፈኗ የገባበት በር እሷን ለመሰሉ ድምፃውያን ተዘግቶ የኖረ ነው።

ይህን ለኮምብስ ጥፋት አድርገው የሚያወሩ ሲያጋጥሙኝ ግን አልስማማም። ደራሲዋን በየቃለ ምልልሱ አመስግኗል፣ ስሟን ከፊት አስቀድሟል። የሬዲዮውን ወንፊት የሠራው እሱ አይደለም። ቻፕማንም ራሷ ለቢልቦርድ በላከችው አጭር ቃል በካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ እገኛለሁ ብላ አስባ እንደማታውቅ፣ በመገኘቷም እንደተከበረች ተናግራለች። በራሷ ዘፈን ጉዳይ ከእሷ በላይ ልቆጣላት አልችልም።

ኅዳር 8 ቀን 2023 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት ናሽቪል ላይ ሲሰጥ ሁለቱ ንብረቶች በመድረክ ላይ ተለይተው ታዩ። የዓመቱ ምርጥ ነጠላ ዜማ የሚባለው ሽልማት ለቅጂው ነው፤ ኮምብስ ወሰደው። የዓመቱ ምርጥ ዘፈን የሚባለው ለግጥምና ዜማው ነው፤ ለቻፕማን ተሰጠ፣ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ ሆነች። በቦታው አልነበረችም፤ ምስጋናዋን በጽሑፍ ላከች።

ከዚያ የካቲት 4 ቀን 2024 መጣ፣ የግራሚ ምሽት፣ ሎስ አንጀለስ። መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ የታየው ፊት ሳይሆን የጊታር ክር የሚቆነጥሩ ጣቶች ናቸው። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ቻፕማን ናት፤ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ፈገግታዋ ያው ነው። አዳራሹ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጮኸ። ኮምብስ ጎኗ ቆሞ እሷ ስትዘፍን ቃሎቹን በከንፈሩ ይከተላል፣ ዓይኑን ከእሷ አያነሳም። ሲጨርሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

በዚያው ሌሊት ሰዉ ለመግዛት የሮጠው የኮምብስን ሳይሆን የ1988ቱን ቅጂ ነበር፤ በአይቲዩንስ 1ኛ ወጣ፣ ወደ ዋናው ሰንጠረዥም ተመለሰ። በዚህኛው ላይ የደራሲዋም የድምፃዊቷም ድርሻ የሚደርሰው ለአንዲት ሴት ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 11፣ ቢዮንሴ የቴክሳስ ልጅነቷን ይዛ የመጣችበትን «ቴክሳስ ሆልደም» የተባለ የካንትሪ ነጠላ ዜማ አወጣች። ኦክላሆማ ውስጥ ያለ አንድ የካንትሪ ጣቢያ አድማጭ ሲጠይቀው መጀመሪያ «እሷን አናጫውትም» ብሎ መለሰ፤ ተቃውሞው ሲበረታበት አጫወተው። ሕዝቡ የሰማውና የገዛው በሚደመርበት የካንትሪ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ጥቁር ሴት ስትደርስ የመጀመሪያው ነበር። ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ብቻ በሚቆጠሩበት፣ «ፋስት ካር» በኮምብስ ድምፅ 1ኛ በወጣበት በዚያኛው ሰንጠረዥ ላይ ግን ከ33ኛ አላለፈም።